ይድረስ ለፊውዝ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከአንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ስልክ ያልደወለ ሰው ስለ ናፍቆት ሲጽፍ አንተ ሻርጃ ተቀምጠህ እንዴት እንደምትስቅ ስለማውቅ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። የጋሼ ለቅሶ ላይ አላየኸኝም፤ ድንኳኑ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ለምን እንደተመለስኩ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ቦታ ታገኘዋለህ። ይቅርታ። አሁን ወደ አስቸኳዩ ጉዳይ ልለፍ።

ልጄ አምፕሊፋየር ገዛ።

ሳቅህን ስትጨርስ ቀጥል። አዎ፣ አንተ ስትሄድ የወተት ጥርሱን ጣራ ላይ ይወረውር የነበረው ልጅ ነው። አሁን ከእኔ በአንድ ጋት ይረዝማል፤ የኮሮላዬን የኋላ ኮፈን በዉፈር ሣጥን ሞልቶ ዘምቢል የማስቀምጥበት ቦታ አሳጥቶኛል። መኪናዋ ያቺው ናት። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና እንደ አሮጊት እናት ይከበራል፤ ስለዚህ አንዲት ሽቦ ሲነካባት ቆሜ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሣጥኑ ላይ 1,500 ዋት ተጽፎበታል። እኔ ግን አንተ እንዳስተማርከኝ ሣጥኑን ትቼ ጎኑ ላይ የተሰኩትን ፊውዞች አየሁ፤ ሁለት ባለ 30 አምፔር። 60 አምፔርን በ13.8 ቮልት ብታባዛው 830 ዋት አይሞላም፤ ከዚያም ላይ ወደ አርባ በመቶው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። «ከዚህ 1,500 ዋት ከወጣ እኔን ጳጳስ ብለህ ጥራኝ» አልኩት። ልጁ ግን ቅር አላለውም፤ በዚህ ዕድሜ ትልቅ ቁጥር ማየት ብቻውን ያስደስታል። እኛስ ያኔ ምን ነበርን?

ያስቆጣኝ ገመዱ ነው። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከትንሿ ጣቴ የወፈረ። ቆርጬ ስልጠው አብዛኛው ላስቲክ ሆኖ ተገኘ። አንዷን ክር መዝዤ በምላጭ ፋቅ ፋቅ ሳደርጋት የመዳቡ ቀለም እንደ ጥፍር ቀለም ተነሳና ከሥሩ ነጭ ወጣ። አሉሚኒየም! በዚያው ውፍረት የመዳብን 60 በመቶ ያህል ብቻ የሚያስተላልፍ አሉሚኒየም፣ መዳብ ለብሶ። ምላጬን በኪሴ ይዤ ሶማሌ ተራ ሄድኩና ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ አምስት ሜትር ተኩል የብየዳ ገመድ ገዛሁ፤ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ እስከ ልቡ መዳብ። ሻጩ ምላጩን ሲያይ ልዘርፈው የመጣሁ መስሎት ነበር። ገመዱ ጥቁር ስለሆነ ልጁ «ቀዩ ያምር ነበር» ብሎ አኩርፏል። 60 አምፔር ቢያልፍበት ከባትሪው እስከ ኋላ የሚጠፋው ቮልት ሁለት አሥረኛ ቢሆን ነው። እናትህ ቤት ሊታደስበት ከተገዛው ከዚያ 2.5 ሽቦ ጋር አወዳድረውማ። እሱ በዚሁ 60 አምፔር ከሁለት ቮልት በላይ ይበላ ነበር፤ እኛ ደግሞ ባትሪው ደክሟል እያልን ውሃ እንጨምርለት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርን። ላሜራው ላይ አዲስ ቀዳዳ እንዳይበሳ ትራፓኖውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። የዋናው የሽቦ ጥቅል ከሞተሩ ወደ መኪናው ውስጥ የሚያልፍበት ትልቁ የላስቲክ ጎሚኒ ጎኑ ላይ ትንሽ ክፍተት አለው። የልብስ መስቀያ ሽቦ አቃናሁና ከውስጥ ወደ ሞተሩ ወጋሁት። አስበኝ እንግዲህ፤ በዚህ ሆዴ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ግንባሬን እየወጋኝ። ልጁ ኮፈኑ ላይ ተደፍቶ የስልኩን መብራት እያበራ «ታየኝ… ታየኝ… ጠፋ» ይላል። በመጨረሻ ጫፉን ያዘው። ገመዱን ከሽቦው ጋር በናስትሮ ጠቅልለን፣ ፈሳሽ ሳሙና ቀብተን፣ እሱ ሲገፋ እኔ ስስብ፣ ጎሚኒው ውስጥ ተንሸራትቶ ሲመጣ የተሰማኝን ደስታ ለባለቤቴ ብነግራት አይገባትም። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ያችን ቅጽበት የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ፤ ብዕር ያስነሳኝ አንዱ ነገር ይኸው ነው።

ቀሪው ቀላል ነበር። የበሩን መርገጫ ፕላስቲክ አንስተን ምንጣፉን ስንገልጥ የስንት ዓመት ቆሎ ተገኘ። የኃይሉን ገመድ በባትሪው በኩል፣ ከቴፑ የሚመጡትን የድምፅ ገመዶች በሌላው በኩል ወሰድን፤ ጎን ለጎን ከሄዱ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የዲናሞው ጩኸት እንደ ትንኝ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ይገባል። ይህንንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እኔ ለልጁ ስነግረው ግን ከሆዴ ያፈለቅኩት አስመስዬ ነው።

ጣጣው የመጣው ፊውዙ ላይ ስንደርስ ነው። ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ መታሰር አለበት ስለው፣ «አባዬ፣ አምፕሊፋየሩ እኮ የራሱ ፊውዝ አለው» አለኝ። ያ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ነው፤ አምስት ሜትሩን ገመድ ማን ይጠብቀዋል? ላስቲኩ አንድ ቦታ ላሜራ ላይ ተፍቆ መዳቡ ብረት ከነካ፣ ባትሪው ያለውን በመቶ የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይተፋዋል፤ ኋላ ያለው ፊውዝ ወሬውንም አይሰማ። ይህን ስናገር ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ልጁ ካቻቢቴውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ።

«ይህን ሁሉ ከማን ተማርክ?»

«ከፊውዝ።»

«ፊውዝ የሰው ስም ነው?»

እኔም ነገርኩት። ሰፈሩ የሚያወራውን ነገርኩት። ፊውዝ ማሰር ረስቶ የአባቱን ዲኤክስ በእህቱ ሰርግ ዋዜማ ያቃጠለ ጓደኛ ነበረኝ አልኩት። ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብዬ ገባሁና ቧንቧው ክፍት እንደሆነ ቆሜ ቀረሁ።

አልረሳኸውም። አስረኸው ነበር፤ ባለ 15። አንተ ወንበር ልትዋስ ወደ እድሩ ቤት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ፤ ሁለተኛው የመጨረሻው ነበር። ሱቅ ተዘግቷል፣ ሚዜዎቹ ዘፈኑን ሊሰሙ ከበውኛል። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብር ወረቀት በተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠቀለልኩና መልሼ ሰካሁት። ዘፈነ። አሁን ሳስበው ፊውዙ ሁለት ጊዜ የተቃጠለው በከንቱ አልነበረም፤ ሽቦው ያለ ጎሚኒ ባለፈበት ላሜራ ላይ መቆረጥ ጀምሮ ነበር። ፊውዙ ሥራውን ነበር የሚሠራው፤ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጭሱ ገና ሳይጠፋ፣ ሁላችሁም በባልዲ ውሃ ስትሯሯጡ፣ የፊውዙን ቤት ከነ ብር ወረቀቱ በፒንሳ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት።

«አስሬዋለሁ» እያልክ ስትምል አጠገብህ ነበርኩ። ጋሼ ከዚያ በኋላ የመኪናውን ቁልፍ አንድም ቀን ሰጥተውህ አያውቁም። ስሙን ያወጣልህ ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ እኔ እንዳልሆንኩ እርግጠኛ ነኝ፣ ነገር ግን ከሁሉም አብልጬ ጠርቼሃለሁ። ከጊዜ በኋላ አንተም «ምናልባት ረስቼው ይሆናል» ማለት ጀመርክ። ያን ቀን ልነግርህ ነበር። አልነገርኩህም።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ በር ስደርስ አንዱ የሰፈራችን ሰው አቅፎህ «አይዞህ ፊውዝ» ሲልህ ሰማሁ። አባትህን ቀብረህ መጥተህ፣ በዚያ ስም። እግሬ ከዚያ አላለፈም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ምን ብዬ እንደምቀጥል… ስለ ማሳው፣ ቦዲው ላይ ስለሚታሰረው የኔጌቲቭ ገመድ፣ ልጠይቅህ። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ቦዲው ግማሽ ሜትር እንዳይሞላ፣ ገመዱም እንደዚያኛው ወፍራም እንዲሆን፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ እንዲታይ፣ ይህን አውቃለሁ። የቀበቶውን ብሎን እንዳልነካም አውቃለሁ። ከኋላ ወንበሩ ሥር አንድ ብሎን አለ፤ ዙሪያው ግን ዝጓል። እሱን ላጽዳው ወይስ ንጹሕ ቦታ ፈልጌ አዲስ ቀዳዳ ልብሳ? ለዚህ እዚህ የምጠይቀው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ከአንተ እንዲመጣ ስለፈለግኩ ነው።

ለልጁ እውነቱን ገና አልነገርኩትም። መጀመሪያ አንተ ማወቅ አለብህ ብዬ ነው፤ ወይም ፈርቼ ነው፤ እንደፈለግክ ውሰደው። ስትጽፍልኝ እናትህ አሁንም እዚያው ቤት እንዳሉ ንገረኝ። ዘግይቶም ቢሆን ልሄድና ልጠይቃቸው፣ ይህንንም ልነግራቸው አስቤያለሁ፤ አንተ አትሂድ ካልከኝ ግን አልሄድም።

ከማሳው በቀር ሁሉም ነገር ተዘርግቶ አልቋል። የገመዱ ጫፍ በናስትሮ ተጠቅልሎ ባትሪው አጠገብ ተጋድሟል። ልጁ በየማታው «መቼ ነው የምንሰካው?» ይለኛል። ባለ 60ው ፊውዝ ኪሴ ውስጥ ነው፤ መልስህ እስኪመጣ አላወጣውም።

ስልኬ ያው የድሮው ነው።