አባቴ፣ ማሽኑ ያንሳዎት

ይድረስ ለውድ አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ስለ ዳሌዎ ቀዶ ሕክምና በስልክ ስናወራ፣ «ስንቱን በእጄ አንስቼ ኖሬ፣ እኔን ማሽን አያነሳኝም» ያሉት ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ረጋ ብዬ ልመልስልዎት ስለፈለግሁ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

እርስዎ ነርስ በነበሩበት ዘመን ታካሚን ማንሳት የጉልበትና የብልሃት ሥራ ነበር፤ ጉልበት አጥፎ፣ ወገብ አቅንቶ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ከባልደረባ ጋር እኩል መሳብ። እኔም ይህንኑ ተምሬ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። ይሁንና ብልሃቱ በወገብ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ቶማስ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ሁኔታው ሁሉ ቢመቻች እንኳ አንድ ነርስ በእጁ የሚያነሳው የታካሚ ክብደት ከ16 ኪሎ ግራም ገደማ መብለጥ የለበትም። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ እግሩ ብቻ ይህን ያህል ይከብዳል። ታካሚ ደግሞ እንደ ጆንያ ጸጥ ብሎ አይያዝም፤ ይደነግጣል፣ ይወራጫል፣ ያገኘውን አንገት ጨምድዶ ይይዛል። ዛሬ ከወንበር ሲነሱ የሚያስቃስትዎ ወገብ ከዚያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ነው ብል አይቆጡኝም።

ማሽን ሲባል በዓይነ ሕሊናዎ የመጣው ምናልባት በቴሌቪዥን የሚያሳዩት የጃፓን ሮቦት ይሆናል። ሪከን የተባለው የጃፓን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከአንድ የጎማ ኩባንያ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ሪባ የተባለውን ሠሩ፤ 61 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት ክንዶቹ አቅፎ ያነሳ ነበር። በ2011 የተከተለው 80 ኪሎ ቻለ። በ2015 ሮቤር የተባለው ከቀዳሚው ቀለል ብሎ መጣ፤ ቀለል ብሎ ስል ራሱ 140 ኪሎ ይመዝናል። ሰው ሲያነሳ እንዳይገለበጥ እግሮቹን ዘርግቶ ይቆማል፣ በበር ሲያልፍ ይሰበስባቸዋል። ፊቱን የድብ ግልገል ያስመሰሉት ታካሚውን እንዲያቀራርብ ነው ይላሉ፤ ለእኔ ግን ሽማግሌን እንደ ሕፃን ማባበል ይመስለኛል። ለማንኛውም የምርምር ሥራ ሆኖ ቀረ እንጂ በየሆስፒታሉ አልገባም። ከእሱ ይልቅ እኔን የማረከኝ ፓናሶኒክ የሠራው አልጋ ነው፤ በቁመቱ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ዊልቸር ስለሚሆን ታካሚውን ጭራሽ ማንሳት አያስፈልግም።

እርስዎን የሚጠብቅዎት ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ፣ በባትሪ የሚሠራ ማንሻ ነው። ነርሷ በጎንዎ ታገላብጥዎትና የማንሻውን መያዣ ጨርቅ ከጀርባዎ ሥር ታነጥፋለች፤ የእግሩን ማሰሪያዎች በጭኖችዎ ሥር አሳልፋ ቀለበቶቹን ከላይ ባለው ብረት ላይ ትሰካለች። ከዚያም ከፍራሹ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጋ ታቆማለች፤ እያንዳንዱ ቀለበት በቦታው መሆኑን ሳታይ አትቀጥልም። ሰውነት ከፍራሹ የሚለቅባት ያቺ ቅጽበት ታስፈራለች፤ ብዙዎች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ፊት ለፊታቸው ቆሜ አወራቸዋለሁ፤ ክብደቱ በእጄ ላይ ስለሌለ ማውራት እችላለሁ።

ጊዜ አይፈጅም ብዬ አልዋሽዎትም። ሁለት ሰው ብብት ይዞ ከሚስበው በላይ ያቆያል፤ ማንሻው ከዋርዱ ርቆ መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠማ በሌሊት ተራ ማንም አያመጣውም። ነገር ግን ክብርን የሚነካው የቱ ነው? ብብት ተይዞ መጎተት ትከሻን ያሳምማል፣ የአረጋዊን ስስ ቆዳ በአንሶላው ላይ ይልጣል። ማሽኑ ሲያነሳ ነርሷ ዓይኗ ነጻ ስለሚሆን ተረከዝዎና ጀርባዎ መቅላት መጀመሩን፣ የአልጋ ቁስል ሳይሆን በፊት ታያለች። እርስዎ ራስዎ «ታካሚን ስታገላብጪ ቆዳውን እይ» እያሉ ያስተማሩኝ አይደል?

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተረኛዋ ነርስ ማንሻውን ስታመጣ እሺ ይበሏት። ቀድመው ግን ሁለት ነገር ይንገሯት፦ ግራ ትከሻዎ ወደ ላይ እንደማይነሳ፣ እንዲሁም ዳሌዎ ምን ያህል መታጠፍ እንደተፈቀደለት ከሐኪሙ ጠይቃ በዚያ ልክ ጨርቁን እንድትመርጥ፤ አንዳንዱ ጨርቅ ጉልበትን ወደ ደረት አብዝቶ ያጥፋልና።

አክባሪ ልጅዎ