የጓሮው ወፍም ይቆጠር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የባሕር ዳር ወፍ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ጣና ላይ ያርፋል፤ ፔሊካኑ፣ ዓሣ በሉ ንስር፣ ካልሆነም እምቦጩ። ጥር ላይ የውኃ ወፎች ሲቆጠሩም መነጽሩ የሚዞረው ወደ ሐይቁ ነው። አይከፋም። እኔ ግን የምጽፍላችሁ በቆርቆሮ ጣሪያና በመብራት ሽቦ ላይ ስለሚውለው የሰፈር ወፍ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋድ ስንቆጥር ቆየን። ሐሳቡ የአሜሪካኖች ነው። እዚያ በገና ሰሞን ተቧድኖ ብዙ ወፍና አውሬ የገደለ የሚያሸንፍበት የአደን ውድድር ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፍ አዋቂ ከመግደል መቁጠር ይሻላል ብሎ በ1900 እ.ኤ.አ. ከ27 ሰዎች ጋር ጀመረው፤ ዛሬም በየሰፈሩና በየጓሮው ይቆጠራል። እኔም የታናሽየውን ወንጭፍ ተቀብዬ እርሳስ ሰጠሁት። እስከ ቁርስ አኮረፈኝ። (የእነሱ ቆጠራ በብርዱ ወራት ነው፤ የእኛ ጥር ደግሞ ጠራራ በጋ። ከአውሮፓ ብርድ የሸሸችው፣ ጅራቷን የምታወዛውዘው ባለ ቢጫ ሆድ ወፍ ግን ሣራችን ላይ ስትንጎራደድ አግኝተናታል።)

መቁጠሩ አልከበደም። አንዱ ጭልፊት ዐሥር ጊዜ ቢዞር ዐሥር እንዳይሆን፣ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ብቻ መጻፍ ነው። የቸገረን ስም ነው። ልጆቹ «አሞራ 14» ብለው አመጡልኝ። ጭልፊቱም፣ ጥንብ አንሳውም፣ ቄራ የማይለየው አባ ኮዳም አንድ ላይ ገብተዋል። ሰርዛችሁ ለዩ አልኳቸው። ትንንሾቹ ላይ ስንደርስ እኔም አፈርኩ፤ ስንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ከድምቢጥና ከዋኔ በላይ አላውቅም። ከደጋ ዳሞት የመጡት ጎረቤታችን እማማ ግን አጥር ላይ ተደግፈው ብዙዎቹን በድምፃቸው ለዩልን። ጅራተ ረጅሟን ሲያዩ «ይቺማ ፓፓያዬን የምትጨርስብኝ ናት» አሉ፤ ደብተሩም ላይ «የፓፓያ ሌባ» ተብላ ገባች።

መንገዱ ጫፍ ባለው ዋርካ ላይ ትልቅ ምንቃር ያላቸው፣ ሲበሩ ክንፋቸው ከሩቅ የሚሰማ ጥቁርና ነጭ ወፎች ፍሬ ሲለቅሙ አየን። ሦስት ነበሩ። የዚህ ወፍ እናት ስትፈለፍል ያረጀ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍናለች፤ ባልየው በቀረችው ስንጥቅ ያጎርሳታል። ዋርካው ከተቆረጠ በምትኩ የሚተከለው ችግኝ ለዚህ ቤት የሚሆነው ከስንት ዘመን በኋላ ነው! ግቢ በግቢ ፎቅ ሲወጣ ግን ቀድሞ የሚወድቀው ያረጀው ዛፍ ነው። ምን ያህል ወፍ እንደቀነሰ ብንጠየቅ «ድሮ ብዙ ነበር» ከማለት ሌላ መልስ የለንም፤ ያኔ የቆጠረ የለማ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። በመጪው ታኅሣሥ ግማሽ ገጽ ስጡን፤ የተለመዱትን የሰፈር ወፎች በፎቶ አውጡና ስማቸውን ባዶ ተዉት። ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከእንጅባራ፣ ከፍኖተ ሰላም አንባቢ የአካባቢውን ስም ይላክ። እማማን ወክዬ የመጀመሪያውን ዝርዝር እኔ አመጣለሁ።

ጡረተኛ መምህር
ከባሕር ዳር