ይድረስ ፀጉሬን አልቆረጥም ላለው

ሰላም ነህ አንተ ሰውዬ? እንዴት ከረምክ ማለት ያሳፍራል፤ ክረምቱ ራሱ ስንቴ ተመላልሷል። የብላክ ሳባዝ ባንዱ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝቦርን ሐምሌ 2017 ላይ ሲሞት ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር። ሁለት መስመር ጻፍኩና አጠፋሁት። ይቅርታ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርደዋለህ፤ አሁን ሥራ አለብህ።

የታናሼ ነገር ነው። ያ አንተ ጊታር ስትጫወት ቁጭ ብሎ ጣትህን ብቻ ሲያይ የሚያመሸው ሕፃን። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይመጣና ጊታሩን ሲደበድብ ያመሻል። ጎረቤት ለምዶት ነበር። ከሁለት ወር በፊት የሰው ተራ ሸፍኖ ሲሠራ ማሽን ግራ እጁን ያዘው። የመሐል ጣቱና የቀለበት ጣቱ ጫፋቸው ሄደ።

ቁስሉ ድኗል። እሱ ግን ጊታሩን አልጋ ስር ከቶ አያየውም። እናቴ «አብሽር ልጄ» ስትለው ወደ ግድግዳ ይዞራል። ትናንት ማታ «ውሰድና ሽጥልኝ» አለኝ። ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ።

የብላክ ሳባዙን ጊታሪስት የቶኒ አዮሚን ታሪክ አንተ እንደምታወራው ላወራለት ሞከርኩ። በርሚንግሃም፣ የቆርቆሮ ፋብሪካ፣ የ17 ዓመት ልጅ። የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ነው። ምሳ ከበላ በኋላ አልመለስም ሲል እናቱ ሂድና ጨርስ ብላ ሰደደችው። የማሽኑ ሠራተኛ ስለቀረች እሱን እዚያ ላይ አቆሙት። እዚህ ጋ ስደርስ ታናሼ ቀና አለ።

ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው፤ የተቆረጠውም የዚያው እጅ ሁለት ጣቶች ጫፍ ነው። የፋብሪካው አለቃ የጃዝ ጊታሪስቱን የጃንጎ ሬይንሃርትን ሸክላ አመጣለት። ጃንጎ በፈረንጆች 1928 ጋሪ ቤቱ ተቃጥሎ ሁለት ጣቶቹ ከከዱት በኋላ በቀሩት ሁለት ዓለምን ያስደነቀ ሰው ነው። አዮሚም የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ። ላዩን ከቆዳ ጃኬት በቆረጠው ቁራጭ ሸፈነው።

«ቆብ አድርጎ ክሩ እንዴት ይሰማዋል?» አለኝ። አየህ፣ ጠየቀ! ከሁለት ወር ወዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በደንብ እንደማይሰማው ነገርኩት። ለዛ ነው ቀጭን የባንጆ ክር የገጠመው፤ በፈረንጆች 1971 አካባቢ ደግሞ ቅኝቱን አንድ ድምፅ ተኩል ያህል ዝቅ አድርጎ ክሩን ያላላው። ያ የብላክ ሳባዝ ከባድ ድምፅ ከዚያ ጭምር የመጣ ነው። «ክሩ ሲላላ አንገቱን እየነካ አያስቸግርም?» ሲለኝ ግን ዝም አልኩ። እኔ ምን አውቃለሁ? እንደ ከበሮ ባልዲ ነበር የምመታው።

የባቲን ቅኝት በሁለት ጣት መጫወት ይቻል ይሆን? አምስት ድምፅ ነው። እኔ ይቻላል እላለሁ፤ ግን የባልዲ መቺ ቃል ማን ይሰማል። አንተ ንገረው። ደውልለት። ክርም ላክ፣ ያለውን ቀጭኑን።

አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ትተህልኝ የሄድከውን የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፑን፣ ሸጬዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለቤት ኪራይ። ያልጻፍኩልህም ዋናው በዚህ ነው። እከፍልሃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነው። እኔ እንደጻፍኩልህ አትንገረው። ፀጉሩስ አለ፣ ወይስ ራሱ ጥሎህ ሄደ?