ለልጄ፦ ስለ መኪናሽ የዝናብ መጥረጊያና ስለ ውሃ ገፊው ፈሳሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የመኪናሽ የዝናብ መጥረጊያ እየጮኸ መስታወቱን እንደሚያዥጎረጉርብሽ፣ መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውም አዲስ መጥረጊያና አንድ ጠርሙስ ውሃ ገፊ ፈሳሽ (መስታወት ላይ የሚቀባ፣ የዝናቡ ውሃ እንዲንከባለል የሚያደርግ) አንድ ላይ እንድትገዢ እንደመከረሽ ጽፈሽልኛል። ሁለቱም ሊያስፈልጉሽ ይችላሉ፤ ነገር ግን መስታወቱ፣ ላስቲኩና ፈሳሹ ተደጋግፈው የሚሠሩ በመሆናቸው ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ገንዘብሽን ከፍለሽም ጩኸቱ እንዳለ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ከመስታወቱ ጀምሪ።

የፊት መስታወት ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም ከፊት ከሚሄዱ መኪኖች ጭስ፣ ከመንገዱ በሚረጭ ዘይት ያዘለ ውሃና ከመኪና እጥበት በሚቀር ሰም የተነሣ ስስ የቅባት ሽፋን ይይዛል። መጥረጊያው በዚህ ሽፋን ላይ ሲሄድ አንዴ ይንሸራተታል፣ አንዴ ይይዘዋል፤ አብዛኛው ጩኸት የሚመጣው ከዚሁ ነው። መስታወቱን በመኪና ሳሙናና በብዙ ውሃ ካጠብሽ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ አይሶፕሮፒል በሚባለው የማጽጃ አልኮል አርሰሽ ጥረጊው፤ ከዚያ የላስቲኩን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁሩ በጨርቁ ላይ መውጣቱን እስኪቀንስ ድረስ አጽጂው። መጽዳቱን ለማረጋገጥ ውሃ አፍስሺበት፦ ውሃ ገፊ ነገር ተቀብቶ በማያውቅ ንጹሕ መስታወት ላይ ውሃው እንደ ስስ አንሶላ ተዘርግቶ ይወርዳል፤ እዚህም እዚያም እየተሰበሰበ እንክብል ከሠራ ቅባቱ አልለቀቀም ማለት ነው። የመስታወቱን የውስጥ ገጽም አትርሺ፤ ከጋቢናው ፕላስቲክ የሚተነው ነገር በውስጥ በኩል ጉም የመሰለ ሽፋን ስለሚሠራ ብዙ ሰው ሌሊት የሚያየውን ብዥታ ያለ ጥፋቱ በመጥረጊያው ላይ ያሳብባል።

ከዚህ በኋላም ካላማረልሽ መጥረጊያው የሚተወውን ምልክት አንብቢ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚቀር ቀጭን የውሃ መስመር ላስቲኩ እዚያ ላይ መሰንጠቁን ወይም አሸዋ መያዙን ያሳያል። ሰፋ ያለ ቦታ ሳይጠረግ ከቀረ ግን ላስቲኩ በዚያ በኩል ከመስታወቱ ጋር እየተገናኘ አይደለም፤ የመጥረጊያው ብረት ጎብጦ ወይም የክንዱ ስፕሪንግ ደክሞ ሊሆን ይችላል። እየተንቀጠቀጠ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የላስቲኩን ከንፈር ጠጋ ብለሽ ተመልከቺ። ይህ ከንፈር ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን ክንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ሲመለስ ወደ ቀኝ ተገልብጦ እየተጎተተ እንዲሄድ የተሠራ ነው። መኪናው ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ ከቆመ ላስቲኩ ወደ አንድ ጎን እንደተኛ ይደርቅና መገልበጥ ያቅተዋል፤ በዚህ ጊዜ በአንደኛው አቅጣጫ በጸጥታ እየጠረገ በሌላኛው መስታወቱን ይፍቃል። በጣትሽ ቀስ ብለሽ ወዲያና ወዲህ ብትገለብጪው ድርቀቱ ይታወቅሻል። ላስቲኩ ገና ለስላሳ ሆኖ መዝለሉ ከቀጠለ የተጣመመው ክንዱ ሊሆን ስለሚችል አዲስ መጥረጊያ ብቻውን አያድንሽም።

ፍጥነቱንም ልብ በዪ። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 104 መጥረጊያ በከፍተኛው ፍጥነቱ በደቂቃ ቢያንስ 45 ሙሉ ምልልስ እንዲያደርግ ይጠይቃል። በዚህ መጠን እንኳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ምልልስ ውስጥ ወደ 30 ሜትር ይጓዛል። ያንቺ ከዚህ በእጅጉ የሚያዘግም ከሆነ ችግሩ በሞተሩ ወይም ክንዶቹን በሚያንቀሳቅሱት መገጣጠሚያዎች ላይ ስለሚሆን ለመካኒክ አሳዪው።

አሁን ወደ ግዢው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1903 ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ከመኪናው ውስጥ በእጅ ለሚንቀሳቀስ መጥረጊያ የፈጠራ መብት ስታስመዘግብ መስታወቱን የሚነካው ክፍል ላስቲክ ነበር፤ ዛሬም ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ሁሉ ተጽፎ የሚጠርገው ላስቲኩ ነው። ልዩነቱ ያለው ይህን ላስቲክ ከመስታወቱ ጋር በሚያጣብቀው አካል ላይ ነው። የድሮው ዓይነት ኃይሉን በጥቂት ቦታዎች ላይ የሚያከፋፍል የብረት አጥንት አለው፤ ርካሽ ነው፣ ብዙም ጉብጠት ለሌለው መስታወት ይበቃል፣ አንዳንዱም ላስቲኩ ብቻ ይቀየርለታል። ጠፍጣፋው ዓይነት በውስጡ ባለ የጎበጠ ስፕሪንግ ብረት ላስቲኩን በርዝመቱ ሙሉ እኩል ይጫነዋል፤ ለጎባጣ መስታወት የተሻለ ነው፣ በፍጥነት ስትነጂም ነፋሱ በቀላሉ አያነሣውም፤ በረዶ የሚይዘው መገጣጠሚያም የለውም። ሁለቱን ያዳቀለው ሦስተኛው ዓይነት የብረት አጥንቱን በፕላስቲክ ልባስ የሸፈነ ነው። መኪናሽ ከፋብሪካ የወጣችው በጠፍጣፋው ከሆነ እሱኑ መልሺላት።

ስለ ሲሊኮኑ ላስቲክ ጠይቀሽኛል። ሙቀትንና ፀሐይን ከተፈጥሮ ላስቲክ የበለጠ ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ሲሠራም በመስታወቱ ላይ ውሃን የሚገፋ ስስ ሽፋን እየተወ ይሄዳል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ባልጸዳ መስታወት ላይም እንደ ማንኛውም ላስቲክ ይጮኻል። እኔ ብሆን ጥሩ የተፈጥሮ ላስቲክ ገዝቼ በየዓመቱ የዝናቡ ወቅት ሊገባ ሲል እቀይረዋለሁ፤ አምራቾች ራሳቸው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራሉ፣ ላስቲክን የሚያስረጀውም ከዝናቡ ይልቅ ፀሐዩ ነው።

ልኩን በግምት አትግዢ። ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሜትር ለኪ፤ በሹፌሩ በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ከሌላኛው ይረዝማልና፣ ለምሳሌ አንዱ 600 ሌላው 400 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱንም ለየብቻ ጻፊ። ማሸጊያው ላይ በኢንች ከተጻፈ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የረዘመ መጥረጊያ ከጓደኛው ጋር ይጋጫል ወይም የመስታወቱን ዳር ይመታል፤ ያጠረው ደግሞ ማየት የሚገባሽን ቦታ ሳይጠርግ ይተዋል። ከርዝመቱ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ግን ክንዱ ከመጥረጊያው ጋር የሚያያዝበት ጫፍ ነው፦ እንደ መንጠቆ የታጠፈ አለ፣ በጎን ሹል የሚገባ አለ፣ ተጭነው የሚያላቅቁት ቁልፍ ያለውም አለ፤ መንጠቆውም ቢሆን ስፋቱና ውፍረቱ ይለያያል። ለሁሉም መኪና ይሆናል ተብሎ ብዙ ማያያዣ የታጨቀበት መጥረጊያ ሳይላላ መግጠሙን ሱቁ በር ላይ ሞክረሽ ካላረጋገጥሽ አትውሰጂው።

ስትገጥሚው ክንዱን ካነሣሽ በኋላ በመስታወቱ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፊ። መጥረጊያው የወጣለት ክንድ ድንገት በስፕሪንጉ ኃይል ቢመለስ ባዶው ብረት መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ክንዶቹ ኮፈኑ ሥር የሚደበቁ ከሆነም በጉልበት አታንሺያቸው፤ ወደ መቀየሪያ ቦታቸው የሚወጡበት መንገድ በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል። አዲሱ ቀጭ ብሎ ከገባ በኋላ ሳብ አድርገሽ ፈትሺው።

ውሃ ገፊውን ፈሳሽ በዚያው ቀን አትቀቢ። መጀመሪያ አዲሱን መጥረጊያ በአንድ ጥሩ ዝናብ ነድተሽ እዪው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጥሽና ከተንቀጠቀጠብሽ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አትችዪም። ፈሳሹ የሚሠራው የሲሊኮን ወይም የፍሎሪን ውህዶቹ ከመስታወቱ ገጽ ጋር ተያይዘው መስታወቱ ውሃን እንዳይስብ በማድረግ ነው፤ ውሃው መዘርጋቱን ትቶ ይንከባለላል፣ በሰዓት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርሺ ነፋሱ ራሱ እያንከባለለ ወደ ላይ ይወስደዋል። በቀስታ ስትሄጂ ግን እንክብሎቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ ሌሊት ደግሞ ከፊት የሚመጣውን መብራት ይበታትኑብሻል። ስለዚህ ፈሳሹ የመጥረጊያ ምትክ አይደለም፣ ረጅም መንገድ ለማይነዳ ሰውም ጥቅሙ የሚወራለትን ያህል አይሆንም።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው መጥረጊያ በማይደርስበት በጎን መስታወቶችና በስፖኪዮ ላይ ነው፤ የሚፍቀው ነገር ስለሌለ ከፊት መስታወቱ ይልቅ እዚያ ላይ ይቆያል። ከእነሱ ጀምሪና ከወደድሽው ወደ ፊት መስታወቱ እለፊ። በሲሊኮን የተሠራው ለመቀባት ቀላል ነው፣ ቶሎ ቶሎም መታደስ ይፈልጋል፤ የፍሎሪኑ ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ብዙ ወራት ይቆያል። ጥላ ሥር፣ መስታወቱ ቀዝቅዞና ደርቆ ሳለ ቀቢው፤ አብዛኛው አልኮል ስላለበት ከእሳት አርቂው፣ አየር በሌለበት ቦታም አትክፈቺው። ሲደርቅ የሚተወውን ብዥታ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ አስለቅቂው፤ ግማሹ ከቀረ ያ ራሱ መጥረጊያውን ያስዘልለዋል። ከፊት መስታወቱ በስተ ጀርባ ካሜራ ካለ መመሪያው የሚለውን አስቀድመሽ አንብቢ። ወደ መርጫ ውሃው የሚጨመረውን ዓይነት አልመክርሽም፣ የሳህን ሳሙናማ እዚያ ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ እንዳታገቢ፤ አረፋውና ዝቃጩ መጀመሪያ ያጠብሽውን መስታወት ዳግመኛ ያቆሽሽብሻል።

ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት የሁለቱን መጥረጊያዎች ርዝመትና የክንዱን ጫፍ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ማሸጊያው ላይ ካለው ጋር አመሳክሬ በዚያው ቀን እመልስልሻለሁ።

እናትሽ