በዓሉ ካንቺ ቤት አይወጣም

መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ዘንድሮ ፋሲካን እኔ ቤት እናድርገው» ስልሽ ዝም አልሽ። አንቺ ዝም ካልሽ ነገሩ አልቆለታል። እንግዲያው ሚያዝያ 4 ሁላችንም ደብረ ብርሃን ነን፤ በዓሉ ካንቺ ቤት አይወጣም። ድካሙ ግን ካንቺ ትከሻ ይውረድ፣ እዚህ ላይ አልለቅም።

ልማድሽን አውቀዋለሁ። ከሐሙስ ጀምረሽ ታከፍያለሽ፣ ዓርብ ስትሰግጂ ትውያለሽ፣ ቅዳሜ ደግሞ እህል ሳትቀምሺ ምድጃ ሥር ጎንበስ ብለሽ ሽንኩርት ስታቁላዪ ይመሻል። አሁን ግን የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ሰው ነሽ። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ስኳርሽን ሲያወርደው ያልብሻል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ያ እጅ ደግሞ የያዘው የፈላ ድስት ነው። ጹሚ ወይም አትጹሚ የማለት ሥልጣን የለኝም። የነፍስ አባትሽን ግን መድኃኒቱን ይዘሽ ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ ከዚያ ሐኪሙ ጋር አብረን እንሄዳለን።

ሥራውን እንዲህ ተከፋፍለነዋል። ሽንኩርቱን እኔ እዚሁ ከትፌ፣ ቁሌቱን ጨርሼ፣ አቀዝቅዤ አመጣዋለሁ። ቂቤውንና መከለሻውን ቅዳሜ አንቺው ትጨምሪበታለሽ፤ ያን ከእጅሽ የሚወስድ የለም። ዶሮውን ምራትሽ ትይዘዋለች። «ዶሮ አታውቅም» ያልሻት ድሮ ነው፤ ዛሬ አሥራ ሁለቱንም ብልት ካንቺ እኩል ታወጣለች። ይህን ያልኩሽን ግን እንዳትነግሪያት። ዳቦውን ወንድሜ ከነመጋገሪያው ተረክቧል፤ ካሳረረው አምባሻ ገዝተን እንገባለን።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ በሩንም መስኮቱንም ዘግተን የቡናውን ከሰል መሀል ላይ አድርገን እንሰበሰባለን። ጭሱ ሲያልቅ «አሁንስ ጠራ» ትያለሽ። ክፉው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ፍሙ ቀልቶ ሲያምርም መውጣቱን አያቆምም። ክፍሉ ከተዘጋ ይከማቻል። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ያማል፣ ያቅለሸልሻል። ሌሊቱን በቅዳሴ ቆሞ ያደረ፣ 55 ቀን ጾሞ ድንገት ጮማ የበላ ሰው ይህን ከድካሙና ከምግቡ ይቆጥረውና ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ብዙ ሰው እንደተኛ የሚቀረው በዚህ ነው።

ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል። ቡናውም እዚያው ይፈላ፤ ጀበናው ብቻ ይግባ። ፍሙ የከሰመ ቢመስልም መኝታ ቤት በፍጹም እንዳይገባ፣ ከአልጋ ሥርም እንዳይቀመጥ። ብርዱን በብርድ ልብስ እንችለዋለን፤ ከዚህ ተጨማሪ ይዘን እንመጣለን።

ቄጤማውን በተመለከተ ደግሞ እንደማትቆጪኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሳሎኑ አፈር በነበረበት ጊዜ ቄጤማው ያጌጥ ነበር። ሴራሚክ ከተነጠፈ ወዲህ ግን እርጥብ ቄጤማ ላይ መራመድ ሳሙና እንደመርገጥ ሆኗል፤ አምና አክስቴ ከወንበሩ ጠርዝ ተንጠልጥላ የተረፈችው ለጥቂት ነው። ከበሩ እስከ ሶፋው ያለው መተላለፊያ ባዶ ይሁን። ቄጤማው በረከቦቱ ዙሪያና በግድግዳው ጥግ ቢጎዘጎዝ ሽታውም አይቀርብን፣ ጉልበትሽም ይድናል። ረከቦቱም ልጆች ከማይሮጡበት ጥግ ይሁን።

ቅርጫው የአባባ ጉዳይ ስለሆነ ጣልቃ አልገባም። እርጉዟ እህቴ ግን «ለብ ለብ» የተባለውን ክትፎ አትበላም፤ የሷ እስከ ውስጡ ይብሰል። ለጥሬ ዶሮ የዋለ ቢላዋና መክተፊያ ደግሞ ሳይታጠብ ወደ ሰላጣው እንዳይሄድ ምራትሽን አደራ ብያታለሁ። ማዕዱ ላይ መጀመሪያ ተልባው ይቅረብ፤ ሆዳችን ከከረመበት ሹሮ ወደ ዶሮ ወጥ በአንድ ዝላይ ሲሻገር አይወድም።

አጎቴ አረቄውን ከቀማመሰ በኋላ ወደ ጫጫ መንዳት ያምረዋል። እሱን መምከር ዋጋ የለውም። ገና ሲገባ የመኪናውን ቁልፍ ተቀብለሽ ለአባባ ስጪ፤ ከአባባ ኪስ ቁልፍ የሚያወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ፍራሹ የሚነጠፍበትን ቦታ ብቻ አስቢልኝ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የገበያ በርበሬ ለቁሌቱ እንደማይሆን ብዙ ጊዜ ነግረሽኛል፤ ከአምናው ተርፎሽ እንደሆነ አንድ ኪሎ በመንገደኛ ላኪልኝ። ካለቀም ቶሎ ንገሪኝ፣ ዛላውን ከመርካቶ ገዝቼ እንድታስፈጪው እልክልሻለሁ። አባባንና ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ