ነርሲንግ የሚያስተምረው አሻንጉሊት ብቻ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የነርሲንግ ትምህርት አሰጣጥ ዘዴዎችን አነጻጽሮ ያቀረበውን ዘገባችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት አንዱን ዓረፍተ ነገር በትክክል ማንበቤን ለማረጋገጥ ነው። ጋዜጠኛው በክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ገለጻ በአንድ ወገን፣ በሰው አምሳያ አሻንጉሊት የሚደረገውን ልምምድ በሌላ ወገን አድርጎ ሲያመዛዝን ቆየና ወደ እኛ ሲደርስ፣ ተማሪዎቹ በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች የሚያሳልፉት ጊዜ «ከመመልከት ያለፈ አይደለም» ብሎ አለፈ። ይህን ለመጻፍ አንድም የሆስፒታል ነርስ አላነጋገረም፤ አንድም የሕሙማን ክፍል አልረገጠም። ባልዋለበት መሰከረ።

እኔ መንዝ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል በሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ተማሪዎች በየዓመቱ ይላኩልናል። ካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ሲያስገቡ እጃቸውን የምንይዘው፣ መድኃኒት ሲቀምሙ ስሌታቸውን ደግመን የምንሠራው፣ ሲሳሳቱ ከታማሚው ፊት ገለል አድርገን የምናርማቸው እኛ ነን። ይህ መመልከት ከሆነ ማስተማር የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ዘገባው የተማረከበትን የክህሎት ማሰልጠኛ ክፍል ሲገልጽ በአሻንጉሊቱ ሞኒተር ላይ የሚታየውን በደም ውስጥ ያለ የኦክስጅን መጠን ሳይቀር ጽፎልናል፦ 98 በመቶ። እስቲ በዚሁ ቁጥር ላይ እንነጋገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የመንዝ ደጋ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ ስስ በመሆኑ እዚህ ያደገ ጤነኛ ልጅ 91 ወይም 92 አሳይቶ በግቢው ውስጥ ሲሯሯጥ ብታዩት አይገርምም። የዓለም ጤና ድርጅት ሌላ የአደጋ ምልክት ለሌለበት ልጅ ኦክስጅን የሚጀመርበትን ልክ በዝቅተኛ ቦታ ከ90 በመቶ በታች፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ግን 87 በመቶና ከዚያ በታች ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ከፍታው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ እዚያ 88 ያሳየ ልጅ ኦክስጅን ይፈልጋል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በጥቂት ሰዓታት መንገድ ልዩነት፣ ያው ቁጥር ሁለት የተለያየ ውሳኔ ይጠይቃል። ተማሪዋ ይህን የምትማረው ከየትኛው አሻንጉሊት ነው?

ቁጥሩ ራሱም ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ ሕፃን ጣቱ በብርድ ስለሚደርቅ ኦክስጅኑን ከጣቱ ላይ የሚለካው መሣሪያ 78 ሊያሳይ ይችላል። አዲስ ተማሪ ቁጥሩን አይታ ወደ ሲሊንደሩ ትሮጣለች። እኛ እንይዛታለን። እጁን በመዳፍሽ ይዘሽ አሙቂው፣ በሞኒተሩ ላይ ያለው ሞገድ እስኪስተካከል ጠብቂ፣ እስከዚያው ደረቱን እዪ፣ ሲተነፍስ ይሰረጉዳል ወይ? አፍንጫው ይርገበገባል ወይ? መጥባት ችሏል ወይ? እንላታለን። ደረቱን ለማየት ደግሞ ልጁን መግለጥ ያስፈልጋል። አያቱ በጋቢና በባና ጠቅልላ አቅፋዋለች፤ ብርድ ይመታብኛል ብላ አትሰጥም። «እማማ፣ ለአፍታ ብቻ እንየው፣ ቶሎ መልሰን እንሸፍነዋለን» ብሎ ማግባባት፣ እስክትፈቅድ መታገሥ፣ ከዚያም የገባውን ቃል ጠብቆ ልጁን ፈጥኖ መሸፈን የነርስ ሥራ ነው። አሻንጉሊቱ አያት የለውም።

በአሻንጉሊት መለማመድን አልቃወምም። የመጀመሪያው መርፌ በሕፃን ክንድ ላይ ከሚሞከር በላስቲክ ክንድ ላይ መቶ ጊዜ ቢሞከር ደስ ይለኛል፤ እንዲያውም እንዲህ ተለማምደው የመጡ ተማሪዎች ከሌሎቹ በግልጽ ይለያሉ። ዘዴው ግን ዘገባው እንዳለው ትናንት የተገኘ አይደለም። ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ አስሙንድ ሌርዳል ትንፋሽ ማነቃቂያ መለማመጃውን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው።

ንጽጽር ካነሳን ደግሞ በወጉ የተሠራ አለ። የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ጥናት በ10 የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ሲሆን፣ ተማሪዎቹን በሦስት ምድብ ከፍሎ ከሆስፒታል ልምምዳቸው እስከ 10 በመቶ፣ 25 በመቶና 50 በመቶ የሚሆነውን በአሻንጉሊትና በመሰል ልምምድ ተክቶ ተከታተላቸው። በእውቀትም፣ በክህሎትም፣ በፈቃድ ፈተና ውጤትም ጉልህ ልዩነት አልታየም። ልዩነት አለመታየቱ ለዘዴው ትልቅ ምስክርነት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከፍተኛው መተካት ግማሽ ነበር፤ ሌላው ግማሽ በሆስፒታል በሕሙማን አልጋ አጠገብ ቀጥሏል። አጥኚዎቹም ውጤቱ የሠለጠነ አስተማሪ፣ በቂ መሣሪያና ከልምምዱ በኋላ የሚደረግ ውይይት ባለበት ሁኔታ የተገኘ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ሆስፒታሉን ጨርሶ ከሚዛኑ ያወጣው የእናንተ ጋዜጠኛ ነው።

የለካበትንም ነገር አስተውዬዋለሁ። ተማሪዎቹን በየትኛው ዘዴ የበለጠ በራስ መተማመን እንዳገኙ ጠይቆ መልሳቸውን እንደ ውጤት አቀረበ። በራስ መተማመን ችሎታ አይደለም። እኔ የምፈራው ካኑላ ስታስገባ እጇ የሚንቀጠቀጠውን ተማሪ አይደለም፤ ሳትጠይቅ የምትሰጠውን ነው። አድርጎ ማሳየትን የሚመዝን ፈተና ከተፈለገ ሮናልድ ሃርደን በስኮትላንድ ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቀው፣ ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ በመመዘኛ ዝርዝር የሚታይበት ፈተና አለ። እኛ ዘንድ ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪው ዕጣ የሚወሰነው በኮምፒውተር በሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ የመውጫ ፈተና ነው። ወሩ ሲቃረብ ተማሪዎቹ በሕሙማን ክፍል ጥግ ቆመው የጥያቄ ወረቀት ያገላብጣሉ። ልጆቹን አልወቅስም። ጋዜጠኛው ግን ስለ ትምህርት ዘዴ ጽፎ ስለዚህ አንድ ቃል አለመተንፈሱን እንዴት ልረዳው?

ቆመው የሚያዩ ተማሪዎች የሉም አልልም። ሃያ ልጅ በአንድ ዙር በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲከመር አምስቱ ያያሉ፣ የቀሩት የጓደኞቻቸውን ጀርባ ያያሉ። ይህ የሚሆነው ግን ነርሷ ስለማታስተምር ሳይሆን ሃያውን በአንድ ቀን የሚልክ ስላለ ነው። ማን እንደሚልክ፣ ስንት አልጋ እንዳለ ጠይቆ እንደሆነ የሚልክ፣ ከተማሪዎቹ ጋር መምጣት ያለበት መምህር የት እንደሚውል መመርመር የጋዜጠኛ ሥራ አልነበረም?

ከዚህ በኋላ የምጽፈው የራሴ ብሶት ነው፤ አልደብቀውም። የተማሪዎቹ መዝገብ ላይ የሠሩትን ሥራ አይተን የምንፈርመው እኛ ነን። ብዙ ጊዜ የምንፈርመው ከተረኝነት ከወጣን በኋላ፣ ምሳ ሳንበላ ነው። ለዚህ የሚከፈለን ነገር የለም፤ ክፍያውንም ትቼዋለሁ። የደረጃ ዕድገት ሲመጣ ተማሪ ማሠልጠኔን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ብጠይቅ፣ ጥያቄዬን የተቀበለው ቢሮ «አንቺ መምህር አይደለሽም» ብሎ መለሰኝ። ተማሪዎች የሚልክልን ተቋም ስለ አሠለጣጠን ዘዴ ሥልጠና ባዘጋጀ ጊዜም የተጠሩት በክፍል የሚያስተምሩት ብቻ ነበሩ። አሁን ደግሞ ጋዜጣው መጣና ተማሪዎቹ እኛ ዘንድ ከመመልከት ያለፈ ነገር አያደርጉም አለ። ለቢሮው መምህር አይደለንም፤ ለእናንተ ደግሞ ጭራሽ የለንም። ታዲያ በየዓመቱ ተመርቀው የሚወጡት ልጆች የሚያለቅስ ሕፃን ደም ሥር ማግኘትን ማን አስተማራቸው?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በድረ ገጻችሁ ላይ ካለው ዘገባ ያንን ዓረፍተ ነገር አንሱት፤ ማረሚያም አውጡ። ሁለተኛ፣ ጋዜጠኛው ንጽጽሩን በሦስተኛ ወገን ያሟላ። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በርና በሞላሌ በኩል መንዝ ውስጥ እስካለችው መሐል ሜዳ የሚያደርስ መኪና አለ። የጠዋቱ ዙር የሚጀመረው 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ከሆስፒታሉ አስተዳደር ፈቃድ ይዞ፣ የሕሙማኑን ምስጢር ጠብቆ፣ አንድ ሙሉ ተረኝነት ከእኛ ጋር ይዋል። የሌሊቱን ቢመርጥ ደግሞ ይሻላል፤ ሌሊት አንዲት ነርስና ሁለት ተማሪዎች ብቻ ናቸው፣ ማን እንደሚያስተምር ለማየት አያስቸግረውም።

በሰሜን ሸዋ ዞን የሕፃናት ክፍል ነርስ