የእርሻ መሬቱ ገደብ ይታደስ ወይ? እሁድ እንምከርበት

ውድ የቬንቱራ ካውንቲ (ካሊፎርኒያ) አባሎቻችን፣

የካውንቲውን የከተማ ማስፋፊያ ገደብ (ሶአር የሚባለውን) ለማደስ ኖቬምበር 8 ቀን 2016 ድምፅ እንሰጣለን። ከዚያ በፊት እሁድ ኦክቶበር 23 ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በአሜሪካኑ 3 ሰዓት፣ በተለመደው ቦታችን እንገናኝ።

በ1998 የጸደቀው ሕግ የእርሻና ክፍት መሬት ያለ ሕዝብ ድምፅ ለቤት ግንባታ እንዳይውል ይከለክላል፤ ጊዜው በ2020 ያበቃል። ለድምፅ ከቀረቡት ሁለት የሕግ ሐሳቦች ሜዠር ሲ እስከ 2050 ያራዝመዋል፣ ተፎካካሪው ሜዠር ኤፍ ግን እስከ 2036 ብቻ። ሁለቱ ስለሚያምታቱ አንብባችሁ ኑ።

ከታውዛንድ ኦክስ በ101 አውራ ጎዳና ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ካማሪዮ ስትደርሱ የሚታየው ሜዳ ነው ጉዳዩ። የሳን ፈርናንዶ ሸለቆን የብርቱካን እርሻ የቤት ግንባታ እንደዋጠው ታውቃላችሁ። እኔ ሜዠር ሲን እደግፋለሁ፤ «ግንባታ ሲገደብ ቤት ይወደድብናል» የምትሉ ግን ሥጋታችሁ የዋዛ አይደለም፣ እሁድ አንሱት።

በፖስታ የደረሳችሁን የናሙና ድምፅ መስጫ ያዙ። ለምርጫ ያልተመዘገባችሁ እስከ ኦክቶበር 24 ድረስ ተመዝገቡ።

የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ጻፉልን፤ መኪና የሌላችሁም አሳውቁን፣ የሚያመጣችሁ ሰው እንፈልጋለን።